ትንሿ መኪናችሁ ትናፍቃችኋለች? (ቶዮታ ስታርሌት፣ ፔዦ 205፣ ፊያት ኡኖ፣ ቶዮታ ቪትዝ…)

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይዤ የመጣሁት የመኪና ወሬ ነው፣ የቸኮለ ይለፈኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር በአዲሱ የአባይ ድልድይ ወደ አባይ ማዶ እየተሻገርኩ ነበር። ከፊቴ አንዲት ነጭ ስታርሌት ትሄዳለች፤ ያቺ ሳጥን የመሰለችው፣ በፈረንጅ የ80ዎቹ። ድልድዩን ጨርሳ ስትታጠፍ ሹፌሩ ፍሬን አልያዘም። ዘንበል አለች፣ ከዚያ እንደ ግልገል ተስፈንጥራ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ኤሌክትሪክ መኪናዬ ውስጥ ነኝ፤ ኤሲው ቀዝቃዛ፣ ወንበሩ ሶፋ፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፣ ሆዴ ግን ባር ባር አለኝ።

እኔም ነበረችኝ። በ2001 ዓ.ም. ነው የገዛኋት፣ እሷ ግን በፈረንጅ የ1988 ምርት ናት። ሞተሯ 1.3፣ ባለ 12 ቫልቭ፣ ካርቡራተር፣ አምስት ማርሽ። ባለ ሦስት በር ስለሆነች ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አጥር እንደሚሾልክ ሌባ አጎንብሶ ነው የሚገባው። ክብደቷ ከ750 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ይህን በእጄም አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት ዘጌ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ስትገባብን አራት ሆነን ኋላዋን አንስተን ደረቁ ላይ አስቀመጥናት።

ምኗ እንደሚናፍቀኝ ልንገራችሁ። በሯ ሲዘጋ የሚሰማው የቆርቆሮ ድምፅ። የማርሽ ዘንጓ ጫፍ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ከኔ በፊት በነዷት ሰዎች መዳፍ ተፍቀው ጠፍተዋል። መሪዋ ቀጭን ነው፣ ሃይድሮሊክ የለውም፤ ቆማ ስትጠመዝዘው ክንድህን ይገነጥላል፣ ስትሄድ ግን አስፋልቱን በጣትህ የምትዳስሰው ይመስልሃል። የትኛው ጎማ አየር እንደጎደለው ጎሚስታው ሳይነግረኝ በመቀመጫዬ አውቅ ነበር። የፍጥነት ቀስቷ 80 ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፣ ከዚያ በላይ ያለው በግምት ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር መውጣት ደግሞ ሌላ ነው። ዘንባባዎቹ ስር ማንም የለም፣ ባጃጆቹ ገና አልተነሱም። ሐሙሲትንና ወረታን ታልፋለህ፣ ፎገራ ላይ ጉሙ ሩዙ ላይ ተኝቷል፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትንሽ ይሰለቻል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ግን ዳገቱና ጥምዝምዙ ይመጣል። እዚያ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይዣት፣ ፍሬኗን በስስት እየነካሁ፣ አንዱን ኩርባ ስጨርስ ለሚቀጥለው እየተዘጋጀሁ፣ እንፍራዝ ደርሼ ጣና በግራ በኩል ብልጭ ሲል መዳፌ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ፍጥነቴ ስንት ነበር መሰላችሁ? 70። በሰባ ኪሎ ሜትር እንደዚያ የሚደሰት ሰው አለ? ዛሬ በ110 እየሄድኩ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ በስፒከር አወራለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጃችን ሲወለድ ሸጥኳት። ባለቤቴ አንድም ቀን ሽጣት ብላኝ አታውቅም። ግን አራስ ወገቧን ይዛ ሕፃኑን በዚያች ጠባብ በር ለማስገባት ስትታገል አየኋትና እኔው ደላላ ጠራሁ።

እና ጥያቄዬ፦ እንዲህ ዓይነት ትንሽ፣ ቀላል፣ ነፍስ ያላት መኪና የነበራችሁ አላችሁ? የናፈቀችኝ መኪናዋ ናት ወይስ የዚያን ጊዜው ጉርምስናዬ?

---

ጥቁር እጅ፦

ወንድሜ፣ ኪሎዋ ነው የናፈቀህ። ጉርምስናውንም ይጨምር ይሆናል፣ እሱን ከሚስትህ ጋር ተነጋገር።

26 ዓመት መኪና ስር የተኛሁ ሰው ነኝ። ፈረንጆቹ "ሆት ሃች" የሚሏት ነገር ውስብስብ አይደለችም። ለአስቤዛ የምትሠራ ትንሽ መኪና፣ ኋላዋ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት፣ ትወሰድና ሞተሯ ይተልቃል፣ ሞላዋ ይጠነክራል። በቃ። የመጀመሪያው ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ በፈረንጅ በ1976 ሲወጣ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ ክብደቱ 810 ኪሎ። ያሁኑ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ክብደቱ ግን ከ1400 ኪሎ አልፏል። ጉልበት መጨመር ቀላል ነው፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን) ታስርለታለህ። 600 ኪሎ ግን የት ታራግፋለህ? ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚጎትትህ እሱ ነው፣ ፍሬን ስትይዝም የሚገፋህ እሱ ነው፣ ጎማህንም የሚበላው እሱው።

አሁን ላርምህ። ያንተዋ ስታርሌት በነሱ ሚዛን "ሆት" አትባልም፤ 75 ፈረስ ገደማ ናት። የስታርሌት በርበሬዋ ተርቦዋ ናት። በፈረንጅ በ1989 መጨረሻ ጃፓኖቹ ያወጧት ባለ ተርቦዋ ጂቲ በዚያው በ1.3 መጠን ሞተር 135 ፈረስ ነበራት። እሷ እኔ ጋራዥ ገብታ አታውቅም፣ ብትገባ ኖሮ ባለቤቷ ቶሎ አይመልሳትም ነበር።

ደግሞ ያለንበትን አትርሳ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ይጥላል። ስለዚህ 75 ያልናት እዚህ 61 ወይ 62 ናት። ካርቡራተር ሲሆን ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ አብሮ በልኩ አይቀንስም፣ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል። አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል። ከደጀን ወርደህ አባይ ድልድይ ስትደርስ፣ እዚያ ወደ 1100 ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናህ ሌላ መኪና ትሆናለች። ነዳጅ ስትረግጥ ትሰማሃለች። ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ትጀምራለህ፣ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ያለከልካል። ስንቱ ደንበኛ ነው "ያኔ ደህና ነበረች፣ ላዩ ላይ ምን ነካት?" ብሎኝ የሚያውቀው። ምንም አልነካትም፣ አየር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ልምምድ ላይ ሳለሁ አለቃዬ ቢጫ ፊያት 127 ነበረችው። በፈረንጅ በ1971 የወጣች፣ በ1972 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለች ናት፤ 903 ሲሲ፣ 47 ፈረስ፣ 700 ኪሎ ገደማ። "ሂድ ጓርኒሲዮን ገዝተህ ና" ብሎ ቁልፍ ሲሰጠኝ፣ ሱቁ አምስት ደቂቃ ነው፣ እኔ ግን በቤዛዊት በኩል ነበር የምዞረው። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያስጮህኩ ወጥቼ፣ ከላይ ሆኜ አባይን አንዴ አይቼ፣ ተንከባልዬ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ስመለስ ምንም ሳይናገር ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ሞተሩ ላይ ጣል አደረገ። መልሶ አነሳው። "ይሄ ጓርኒሲዮን ከጣሊያን ነው ያመጣኸው?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሬ ሆነ።

---

ቱሉዝ የከረመ፦

አያ ጥቁር እጅ፣ በሳቅ ገደልከኝ። እኔም የሸንበቆ አጥር ሥር ያደግኩ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ ፈረንሳይ ከገባሁ ግን 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው።

እኔ እውነተኛዋ ነበረችኝ። ፔዦ 205 ጂቲአይ፣ በፈረንጅ የ1987፣ ባለ 1.6፣ 115 ፈረስ፣ ከ900 ኪሎ በታች። በ1984 ሲያወጧት 105 ነበረች፣ ቆይተው ጨመሩላት፤ 1.9ኟ ደግሞ 130 አላት፣ ግን የሚያውቅ ሰው 1.6ኟን ነው የሚመርጠው እያልን እንከራከር ነበር (1.9 መግዛት ያልቻልነው ነን እንዲህ የምንለው)። ስገዛት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጎኗ ላይ ቀይ መስመር አለባት፣ ውስጧ ምንጣፉ ቀይ ነው፣ ዓይን የሚወጋ ቀይ። የኢትዮጵያ ጓደኞቼ ሲገቡ ጫማቸውን ሊያወልቁ ይቃጣቸው ነበር።

ስለ 205 ማንም ሳይነግራችሁ እንዳትነዷት የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። ኩርባ ውስጥ ገብተህ ፈርተህ ነዳጁን ድንገት ከለቀቅክ ኋላዋ ቀላል ስለሆነ እኔ ልቅደም ይላል። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን መጨበጥ ያቆማሉ፣ ከዚያ አንተ ወደምትሄድበት ሳይሆን ወደመጣህበት ታያለህ። እኔ የተማርኩት ዝናብ በዘነበ ማታ አደባባይ ላይ ነው። ሙሉ ዞርኩ። ስቆም ከኋላዬ ትመጣ ከነበረች መኪና ጋር ፊት ለፊት ተያየን፤ ውስጧ ያሉት አሮጊት ሞተራቸውን ሳያጠፉ ጣታቸውን ብቻ አወዛወዙብኝ።

ያን ማታ ትዝ ያለኝ ምን መሰላችሁ? ታንኳ። ልጅ ሆኜ አጎቴ በደንገል ታንኳ ዓሣ ይዞ ሲመጣ አንዳንዴ ያስቀምጠኝ ነበር። የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ድንገት አትነሳ፣ ድንገት አትቀመጥ።" ቀላል ነገር የምታደርገውን ሁሉ ይሰማሃል፣ ችግሩም ደስታውም እሱ ላይ ነው። 205ን በትክክል መንዳት የቻልኩት እንደ ታንኳ ከቆጠርኳት በኋላ ነው። ነዳጅ ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ፍሬን ከኩርባው በፊት መጨረስ፣ መሪውን አለማስደንገጥ።

ሌባ ግን በጣም ይወዳታል። አንዴ መስታወቷን ሰብረው ሬዲዮ ወሰዱ። ሁለተኛ ሰብረው ምንም አጥተው ሄዱ። በሦስተኛው ጠዋት ስወጣ መስታወቱም የለ፣ መኪናዋም የለች። የቆመችበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ትልቅ መኪና አቁሞበት ነበር።

---

ባለ ቪትዟ፦

እናንተ ወንዶች ስለ ፈረስ ቁጥር ተጨቃጨቁ፣ እኔ አሁንም እየነዳሁ ነው 😄

ቪትዝ፣ በፈረንጅ የ2002፣ አንድ ሊትር፣ 70 ፈረስ። አያ ጥቁር እጅ፣ 127ቷ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ከተባለች የኔዋም በ2000 ያሪስ በሚለው ስሟ ተብላለች፣ ጃፓንም ሸልሟታል፣ እንዳይረሳ። መጀመሪያ የቀኝ መሪ ነበረች፣ ዱባይ ነው ወደ ግራ የተገለበጠችው። የገለበጣት ሰው ማንሻዎቹን እንዳሉ ትቷቸዋል፤ ፍሬቻ ላሳይ ስል የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ዘጠኝ ዓመት ነድቻት እስካሁን እሳሳታለሁ። በጠራራ ፀሐይ መስታወት የምታስጠርግ ሴት ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ካያችሁ ወደ ግራ ልትታጠፍ ነውና አሳልፏት።

ይህች መኪና ያልተሸከመችው የለም። እናቴን ከነበርበሬዋ። የፋሲካ በግ፣ የኋላ ወንበሩን አጥፈን፤ በጉ ራሱን በሁለቱ ወንበር መሀል አውጥቶ እስከ ቤት ድረስ ትከሻዬ ላይ ተነፈሰብኝ። የእህቴ ሙሽርነት ቀን ሦስት ሚዜ ከነቀሚሳቸው። ባዶዋን ስትሆን ደግሞ ወደ ዘጌ ብቻዬን እወጣለሁ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ሰበብ ሳያስፈልገኝ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ አስጩሄያትና ሦስተኛ ስሰጣት የምትለው ነገር አለ፣ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ልጄ "መኪናዋ ሳቀች" ትል ነበር ትንሽ ሆና።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደላላ በሳምንት ሁለቴ ይደውልልኛል። "እህቴ፣ በዚህ ዋጋ መቼም አትሸጫትም" ይለኛል። እኔም አዎ መቼም አልሸጣትም እለዋለሁ። አይገባውም።

---

ቀበሌ 11፦

ደስታችሁን ላበላሽ።

ኡኖ ነበረችኝ። ተርቦዋን አይደለም፣ ኡኖ 45ን፣ ስሟ እንደሚለው 45 ፈረስ። ቀላል ናት፣ አዎ። ቆርቆሮ ስለሆነች ነው ቀላል የሆነችው። አንድ ማታ ከወረታ ስመለስ፣ ሐሙሲት ሳልደርስ፣ ከብት ወደ ቤት የሚገባበት ሰዓት ላይ፣ አንድ ወይፈን ከጎን ዘሎ ገባ። ፍሬን ያዝኩ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ መሪው የኔ መሆኑ ቀረ። ወይፈኑ ተነስቶ ሄደ። እኔ ግን አልተነሳሁም። ኮፈኑ እንደ ወረቀት ታጥፎ ነበር፣ የግራ እግሬ ከፍሪሲዮኑ ሥር በመዶሻና በብረት ነው የወጣው። ኤርባግ የለ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የለ፣ በሩ ውስጥ ከጨርቅና ከላሜራ ሌላ ነገር የለ።

አሁን ከባድ መኪና ነው የምነዳው። አስፋልቱ አይሰማኝም፣ እንዳይሰማኝም ነው የገዛሁት። 600 ኪሎ የት ታራግፋለህ ላልከው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ እግሬ ነው አያ።

ኡኖዋን ግን አልጠላትም። ጥፋቷ አይደለም።

---

የሽምብጥ ልጅ፦

ቀበሌ 11 እግዜር ይማርህ። የምትለው ልክ ነው፣ እኔም ልጆቼን በስታርሌቷ አሁን ጎንደር አልወስድም። ሁለቱንም ማለት ይቻላል መሰለኝ፤ ትናፍቀኛለች፣ ልጆቼን ግን አልጭንባትም።

ከተጻፈው ሁሉ የያዘኝ የታንኳው ነገር ነው። የኤሌክትሪኳ መኪናዬ ስሳሳት ዝም ብላ ታርመኛለች። ስታርሌቷ ስሳሳት ትነግረኝ ነበር። አንዳንዴ ጮክ ብላ።

---

ጥቁር እጅ፦

ቀበሌ 11፣ እግርህ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፣ በቀልድ አላልፈውም። ስንት ኡኖና ስታርሌት ነው አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ አድርጎ "ፍሬኑን እይልኝ" ተብሎ የሚመጣልኝ። ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ጎማው ድንጋይ ሆኗል። ቀላል መኪና በደረቀ ጎማ ላይ ስትሆን ሳሙና ላይ እንደቆመ ብርጭቆ ናት። ከወይፈኑ ባያድንህም ጎማው አዲስ ቢሆን መሪው ትንሽ በታዘዘህ ነበር።

---

ፖሊ 3ኛ ዓመት፦

ሰላም ታላላቆቼ፣ አንብቤ ጨረስኩት ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ። እኔ ጋ ቪትዝ አለች፣ አንድ ሊትሯ። ማርሚታውን አውጥቼ ጮክ የሚለውን ላስገባላት ነው፣ ሞላውን ደግሞ አንድ ዙር አስቆርጬ ዝቅ ላድርጋት። 205 ትመስላለች ወይ?

---

ባለ ቪትዟ፦

ልጄ፣ ያ ማርሚታ በኛ ሰፈር በለሊት እንዳያልፍ። ልቧንም አትቁረጥባት።

---

ጥቁር እጅ፦

ሞላ አይቆረጥም። ስትቆርጠው ይጠነክራል፣ አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለድሮው ቁመት ነው፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ዘይቱን ይተፋል። ከዚያ በጉድጓዳችን ላይ መኪናዋ እንደ ፈረስ ትዘልብሃለች፣ እኔ ጋ ትመጣለህ፣ እኔም አስከፍልሃለሁ። ማርሚታው ጉልበት አይጨምርልህም፣ ጉልበት የጨመረ ያስመስልሃል። ያለህን ብር አራት ጎማ ግዛበት፣ ከተረፈህ የፍሬን ሸራ። ከኋላ የማያስፈልግ ዕቃ ካለ አውጣው፣ ኪሎ ነው።

መኪናዋ ግን ያንተ ናት?

---

ፖሊ 3ኛ ዓመት፦

የወንድሜ ናት። ለሥራ ሌላ አገር ሄዶ ነው አደራ የሰጠኝ፣ ሞተሯን በሳምንት አንዴ አስነሳልኝ ብሎ። በሳምንት አንዴ ጎንደር አዘዞ ድረስ እያስነሳሁለት ነው። እባካችሁ እሱም እዚህ ያነባል፣ ስሜን እንዳትጠይቁኝ።